የፈታሁት ወንድሜ

ሰኔ 3

አባዬ ዛሬ ቁርስ ላይ አወጀ። በመከር ወራት ባሌ ሹንፔይ ስሙን ይለውጣል፣ ስምንተኛው ሪሄይ ይባላል። የዚህ ኮምጣጤ ቤት አለቃ የሆነ ሁሉ ስሙ ሪሄይ ነው፤ አባዬ ሰባተኛው ነው። ስምንተኛው እንግዲህ የኔ ባል ሊሆን ነው። ድንቄም ሪሄይ! ሾርባ ሲጠጣ ድምፁ ጎረቤት ይሰማል።

ዜናውን ሲሰማ የመብያ እንጨቱን አስቀምጦ ግንባሩ ምንጣፉን እስኪነካ ሰገደ።

«ለኔ አይገባም አባባ። ከኔ ይልቅ ኪኑዬ...» ብሎ ስሜን ጠራ። አባዬ ቀና ብሎ ሲያየው የቀረውን ዋጠው። እሱ እንዲህ ነው፤ ነገር ጀምሮ ጨርሶ አያውቅም።

አክስቴ ሳዋ፣ የእናቴ ታላቅ እህት፣ ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው። ጥርሷ አልቆ ምላሷ ቀርቷል። «እሰይ፣ ቤቱ ሰው አገኘ!» አለች እኔን እያየች። እኔ ታዲያ ምንድን ነኝ? ድመት?

አሥራ ስድስት ዓመቴ ላይ፣ ከበሰለው ጋን ላይ ኮምጣጤውን የሚያኮመጥጠውን ስልባቦት አንስቼ አዲሱ ላይ ላንጥፍ ብዬ አባዬን ለምኜው ነበር። «ነገ ሰው ቤት የምትሄጅ ልጅ ይህን አውቀሽ ምን ሊሆንሽ?» አለኝ። ሰው ቤት ሳልሄድ አርባ አንድ ሞላኝ።

ሰኔ 5

ዝናብ። ሰባቱንም ጋኖች ገለባ አለበስናቸው። ሹንፔይ እያንዳንዱን ጋን «ደህና አደርክ?» ይለዋል። ጋንን! ከዚያ ሙቀቱን ለክቶ ደብተር ላይ ይጽፋል። አፍንጫ የሌለው ሰው ደብተር ይይዛል።

ዛሬም አባዬ ሳይነሳ ቀሰቀሰኝ። «ሦስተኛውን እስቲ አሽትቺልኝ። የሆነ ነገር አለው መሰለኝ።» ሄጄ አሸተትኩ። በግራ በኩል ቀዝቅዞ ነበር፤ ነገርኩት፣ ገለባ ጨመረለት። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በኔ አፍንጫ ነው የኖረው። አባዬ ተነስቶ ሲመጣ ሹንፔይ «ኪኑዬ እኮ ናት...» ሊል አፉን ከፈተ፤ እኔ ወጥቼ ሄድኩ። የማንም ምጽዋት አያሻኝም።

ሰኔ 8

እንዴት እስከ ዛሬ አልታየኝም! ሰውዬው የአባዬ ልጅ የሆነው አማች ሆኖ ስለመጣ ነው። አማች የሆነው እኔን ስላገባ ነው። ከፈታሁት ደግሞ እንደመጣ ሻንጣውን ይዞ ወደ ወላጆቹ የናቶ አኩሪ አተር መሥሪያ ይመለሳል፤ አባዬም ከኔ ሌላ ሰው አይቀረውም። ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው፣ አዲስ አማች ፍለጋ አይወጣም።

ብቻዬን ሳቅኩ። አክስቴ ሳዋ «ምን ያስቅሻል?» አለችኝ። «ጤና ነው» አልኳት።

ሰኔ 9

ፈረመ።

የፍቺውን ወረቀት ፊቱ ሳስቀምጠው እስከ መጨረሻው አነበበው። «ምን አጠፋሁ?» አለኝ።

«ምንም። ጥፋትህ እሱ ነው።»

«ይሄን ብፈርም ቤቱ ላንቺ ይሆናል?»

«ለማን ይሆናል ታዲያ? ለአክስቴ ሳዋ?»

ሄዶ የስሙን ማኅተም አመጣ። እፍ ብሎበት፣ ቀለሙን አስተካክሎ፣ ቀስ አድርጎ አሳረፈው። ከሚስቱ ሲፋታ እንኳ ማኅተሙ እንዳይጣመም የሚጨነቅ ሰው! አንድ ቃል አልለመነኝም፤ አሥራ አራት ዓመት አብሮኝ ኖሮ አንድ ቃል። ደግ አደረገ። ቢለምነኝ ምን እለው ነበር? እፎይ ነው ያልኩት። እፎይ።

ለምስክርነት ፀጉር ሠሪዋ ናጊሳና ባሏ ፈረሙልኝ። ናጊሳ «እርግጠኛ ነሽ?» አለችኝ። የማያገባት ውስጥ መግባት ትወዳለች።

ሰኔ 11

ጉድ ሆንኩ። በንዴት ነው የምጽፈው።

የከተማው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ላይ የተሰቀለ ቀጫጫ ልጅ ነው። ወረቀቴን አገላብጦ ማኅተም መታበት። «ተቀብለናል። ከዛሬ ጀምሮ ተፋታችኋል።»

«ስሙን መቼ ይመልሳል?» አልኩት።

«የቱን ስም?»

«የኛን የቤት ስም። ታሩይ የሚለውን።»

መነጽሩን ገፋ አደረገ። «እመቤቴ፣ ይሄ የጋብቻው ወረቀት ነው። የጉዲፈቻው ሌላ ነው። ያን ጊዜ በአንድ ቀን ሁለት ወረቀት ነው ያስገባችሁት። ጉዲፈቻውን ማፍረስ የሚችሉት አባትዎና ልጃቸው ተስማምተው ሲፈርሙ ነው።»

«የትኛው ልጃቸው?»

«አቶ ሹንፔይ። ያው... በመዝገቡ ወንድምዎ ናቸው።»

«ወንድሜ? እስከ ዛሬስ ምኔ ነበር?»

«እስከ ዛሬ ሁለቱንም ነበሩ» አለኝ፣ ሳያፍር።

ከኋላዬ የተሰለፈችው የዓሣ ሻጩ ሚስት ሳቋን ሳል አስመሰለችው። እኔ ቤት ሳልደርስ ወሬው ደርሶ ነበር። አዎ፣ ያን ቀን ብዙ ወረቀት ፈርሜያለሁ። ሙሽራ ነበርኩ፣ ፈርሚ ያሉኝ ቦታ ፈረምኩ። ማን አንብቢ አለኝ? ማን ከልክሎኝስ ነበር? አለማንበቤ የኔው ጅልነት ነው።

ሰኔ 12

አባዬን ፊት ለፊት ጠየቅኩት። «ይሄን ሰውዬ ከመዝገቡ አውጣልኝ።»

«ለምን?»

«ፈታሁታ!»

«አንቺ ባልሽን ፈታሽ። እኔ ልጄን አልፈታሁም።»

«አንተ የኔ አባት ነህ እኮ!»

«የሱም ነኝ» ብሎ ጋዜጣውን ገለጠ።

አክስቴ ሳዋ ከጥግ ሆና «ላም እሳት ወለደች አሉ፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት» አለች። ማንም አልጠየቃትም።

ሰኔ 25

«ለወንድምሽ ሩዝ ጨምሪለት።» አክስቴ ሳዋ ናት። በየማዕዱ ትለዋለች፣ አይሰለቻትም።

ሹንፔይ ዕቃ ቤቱ ውስጥ፣ ከባዶ በርሜሎቹ ጋር ይተኛል። ሳል ይዞታል፤ እርጥበት ነው። የራሱ ጉዳይ። ወፍራሙን ብርድ ልብስ ደጁ ላይ ጥዬለት መጣሁ፣ ሳሉ ስለሚረብሸኝ ነው።

ሐምሌ 2

ከወረቀት ከተሠራው የክፍሉ በር ማዶ የሰማሁት።

አክስቴ ሳዋ፦ «ሚስት ይፈለግለት እንጂ። ፖስታ ቤት የምትሠራው ሃትሱሚ አለች፤ ጨዋ ናት፣ ሥራ ወዳድ ናት፣ አፏም አጭር ነው።»

አባዬ፦ «እህም።»

«ግን የባል እህት ያለችበት ቤት ማን ልጁን ይድራል? ያውም እንዲህ ያለች እህት! ያውም ትናንት ሚስቱ የነበረች!»

አክስቴ ሳቀች። አባዬ አልሳቀም። ግን «ኪኑዬ የትም አትሄድም» አላለም። ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ ስጠብቅ ሻይ መጠጣት ጀመረ።

እንግዲህ የምወጣው እኔ ነኝ ማለት ነው። እሱን ላስወጣ ጉድጓድ ቆፍሬ ራሴ ገባሁበት። ሃትሱሚ! ቴምብር ስትለጥፍ ምላሷን የምታወጣዋ ሃትሱሚ!

ሐምሌ 6

ቲያትር። ሹንፔይ የጉዲፈቻ ማፍረሻ ወረቀት ከጽሕፈት ቤቱ አምጥቶ፣ በበኩሉ ፈርሞና አትሞ፣ አባዬ ፊት አኑሮ ሰገደ። «አባባ፣ ይልቀቁኝ። ቤቱ የኪኑዬ ነው። ሰባቱንም ጋን የምታውቃቸው እሷ ናት፣ እኔ ደብተር ብቻ ነው የማውቀው።» በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ጨርሶ ተናገረ።

አባዬ ወረቀቱን አጣጥፎ ሩዝ የምንቀቅልበት ምድጃ ውስጥ ከተተው። «ሁለተኛው ጋን ገለባው ወድቋል፣ ሄደህ አልብሰው» አለው። ሹንፔይም ሄዶ አለበሰው።

እኔ ይሄን ሁሉ ከኩሽና አየሁ። እንዲያሳዝነኝ ነው ያደረገው እንጂ አባዬ እንደማይፈርም ያውቃል። ያውቅ ነበር መሆን አለበት።

ሐምሌ 14

የሹንፔይ አባት ሞቱ። ጎህ ሲቀድ ስልክ ተደወለ። ልብሱን ሸክፎ «ለአሥር ቀን ወደ ጋኖቹ አልቀርብም» ብሎ ሄደ። ወላጆቹ ናቶ ሠሪዎች ናቸው፤ ያ የሚዝለገለገው፣ የሚገማው አኩሪ አተር። የናቶ ሽታ ያለበት እጅ የኮምጣጤ ሩዝ ከነካ ሁሉም ይበላሻል፤ ለዚህ ነው በኛ ቤት ናቶ የማይበላው፣ ናቶ የበላም ከውስጠኛው በር የማያልፈው። ሹንፔይ ናቶ ቤት ተወልዶ ያደገ ሆኖ፣ እዚህ ከመጣ ወዲህ አሥራ አራት ዓመት አንዲት ፍሬ አልቀመሰም። ይህን የምጽፈው ለማድነቅ አይደለም። ደንብ ነው።

አባቱ በየዓመቱ በአዲስ ዓመት ይመጡ ነበር። አዲስ ልብስ ገዝተው፣ መንገድ ላይ ባቡር ጣቢያ ታጥበው፣ አዲሱን ልብስ ለብሰው ይመጣሉ። ያም ሆኖ ከውጭው በር አያልፉም። እዚያው ቆመው ከልጃቸው ጋር ያወራሉ፣ መንደሪን ይሰጡትና ይሄዳሉ። አንድ ዓመት በረዶ ይጥል ነበር። ሽማግሌው «የኔ ልጅ፣ ትንሽ ልቀመጥ?» አሉኝ። እኔ ነኝ «ደንቡ አይፈቅድም» ያልኳቸው። ደንቡ ጋን ቤቱን እንጂ የእንግዳ ክፍሉን አይልም።

በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ይኸው ጻፍኩት።

ሐምሌ 17

አምስተኛው ጋን። ጠዋት ጥሩ ነበር። ማታ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሽታ ይሸታል። አባዬ አልሸተተውም፣ አፍንጫው ካረጀ ቆይቷል፤ ማንም ደፍሮ አይነግረውም።

ሐምሌ 18

ስልባቦቱ በመሃል ተሸብሽቧል። ከሰመጠ አለቀ። ዝናቡ ቆሞ ሙቀቱ በአንድ ጊዜ ነው የመጣው። ገለባውን አወለቅኩ። ሌሊቱን አልተኛሁም።

ሐምሌ 19

የሞተውን መሃሉን አወጣሁ። ከስድስተኛው ላይ ጤነኛውን ቆርጬ አነጠፍኩ። እንደ ስስ ጨርቅ ነው፤ እጅ ከተንቀጠቀጠ ይቀደዳል። አልተንቀጠቀጠም። ማንም አላስተማረኝም። አባዬ ሲያደርገው በበሩ ስንጥቅ እያየሁ ነው የተማርኩት።

ሐምሌ 21

ያዘ! ከዳር እስከ ዳር ተያይዟል፣ ልስልስ ብሏል። ሽታው ጠፋ። ጮኼ ልጨፍር ነበር። የምነግረው ሰው ፈልጌ ዕቃ ቤቱ ድረስ ሄድኩ። ለካ የለም።

ሐምሌ 22

አባዬ ገባና በየጋኑ ዞረ። አምስተኛው ላይ ቆሞ ጎንበስ አለ፣ ብዙ ቆየ። «ሹንፔይ ከመሄዱ በፊት አደላድሎት ነው የሄደው» አለ።

ያን ጊዜ የያዝኩትን ባልዲ ወረወርኩት። «እኔ ነኝ! አራት ቀን! ሞቶ ነበር፣ ሞቶ! አንተ አልሸተተህም፣ እሱ ናቶ ቤት ነው ያለው። እኔ ነኝ ያነሳሁት፣ እኔ ነኝ ያነጠፍኩት!»

ከጋኑ ላይ ቀና አለ። ከዚያ «አውቃለሁ» አለኝ።

«ምኑን?»

«እንዲህ አድርጎ ቆርጦ የሚያነጥፍ እጅ የሹንፔይ አይደለም። የኔም አይደለም። የእናትሽ ነው።»

«ታዲያ ለምን...»

ባልዲውን ደፍቶ ቁጭ አለበት፤ ጉልበቱ ያመዋል። «ስሚ ኪኑዬ። የሁለተኛው ሪሄይ ልጅ ይህን ቤት በመጠጥ ሊያጠፋው ምንም አልቀረውም ነበር። ከዚያ ወዲህ የታሩይ ደም ቤቱን አልወረሰም። ሦስተኛው ሠራተኛ ነበር፣ አራተኛው ጀልባ ቀዛፊ፣ እኔ የአናጢ ልጅ ነኝ። ወንድ ብትሆኚም አላወርስሽም ነበር። የወለዱትን መምረጥ አይቻልም፣ የሚመረጠው የሌላ ሰው ልጅ ነው። ሁለት መቶ ዓመት የቆምነው በዚህ ነው።»

«እኔስ? እኔን ማየት አይቻልም?»

«ከሌላ ቤት የመጣሽ ብትሆኚ ኖሮ፣» አለኝ፣ ድምፁ ደህና ነበር፣ ስለ አየር ሁኔታ እንደሚያወራ ነው የተናገረው፣ «በዚህ አፍንጫና በዚህ እጅ፣ ነገ ጠዋት መዝገብ ውስጥ አስገብቼ ወራሼ አደርግሽ ነበር።»

ባልዲውን እንዳስቀምጥ ትቶልኝ ሄደ።

ሐምሌ 24

ሹንፔይ ተመለሰ። አምስተኛውን ጋን ሲያይ ደብተሩን አውጥቶ «በኪኑዬ ዳነ» ብሎ ጻፈ፣ ቀኑን ጨምሮ። ምን ያደርግልኛል? ስለ አባቱ አዝናለሁ ልለው ፈልጌ «ጫማህን አራግፍ» አልኩት።

ነሐሴ 2

ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ወደ እትዬ ሙራሴ ቤት ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም። ልስቅ ነው መሰለኝ። የሙራሴ ኮምጣጤ ከልጅነታችን ጀምሮ መሳለቂያችን ነው፤ «እግር ማጠቢያ» ነው የምንለው። ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ፣ አንድ ልጇ ኦሳካ የጥርስ ሐኪም ነው፣ አራት ጋን ቀርቷታል። ጣሪያው ያፈሳል፣ ቴሌቪዥኑ ቀኑን ሙሉ ይጮሃል፣ እሷም መልሳ ትጮህበታለች።

«የታሩይ ልጅ! ባልሽን ፈትተሽ ወንድም አተረፍሽ አሉ!» አለችኝ ከደጅ። ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ሳቋ የሰባት ዓመት ልጅ ነው።

ቀመስኩላት። ቀጭን ነው። ግን ከኋላ የሆነ ነገር አለው፣ እኛ ጋ የሌለ። ሩዙን ትንሽ ረዘም አድርጋ ብትተወው፣ ሁለተኛውን ጋን ከመስኮቱ ብታርቀው... ሳላስበው ነገርኳት። ቴሌቪዥኑን አጠፋች። «ድገሚልኝ» አለች።

ነሐሴ 9

የሙታን በዓል። መቃብር ሄደን ውሃ አፈሰስን። ስድስት ሪሄዮች ተደርድረው ተኝተዋል፤ አራቱ ከሰው ቤት የመጡ። ሚስቶቻቸው ከጎናቸው ናቸው፣ ሁሉም የቤቱ ልጆች። በድንጋዩ ላይ «የሪሄይ ሚስት» ይላል፣ ስማቸው እንኳ የለም። እናቴም እዚያ ናት። ውሃውን ብዙ አፈሰስኩላት።

አክስቴ ሳዋ ዛሬ አልተናገረችም። ደክሟት ይሆናል።

ነሐሴ 16

ሙራሴ አራተኛ ጊዜ። ጣሪያውን ሹንፔይ ሄዶ ጠገነላት፣ ማን እንደላከው አላውቅም። እኔ ጣሪያው እንደሚያፈስ ነው የነገርኩት እንጂ ጠግን አላልኩትም።

እትዬ ሙራሴ መንደሪን እየላጠች፣ ቀና ሳትል፣ «ልጄ ሁኚ» አለችኝ።

«ምን?»

«በወረቀት ነዋ! በጉዲፈቻ። የጥርስ ሐኪሜን ጠየቅኩት፣ ‹እናቴ፣ ገላገልሽኝ› አለኝ። እኔ እሞታለሁ፣ አራቱ ጋን ይቀራል። ወይ አንቺ ትይዣቸዋለሽ፣ ወይ ዓሣ ማድረቂያ ይሆናሉ።»

«የርስዎ ኮምጣጤ እግር ማጠቢያ ነው» አልኳት።

«እሱማ ነው» አለች። «ለዚህ አይደል የምለምንሽ?»

የመንደሪኑን ግማሽ ሰጠችኝ። የሁለት መቶ ዓመት ቤት ልጅ ለአራት ጋንና ለጩኸታም ቴሌቪዥን! ከት ከት የሚያሰኝ ነው። እየሳቅኩ ወጣሁ፤ ጀልባ ላይ ስወጣ ግን ሳቁ ቆሞ ነበር። ከሌላ ቤት የመጣሽ ብትሆኚ ኖሮ። ቃሉ ከጆሮዬ አልወጣም።

ነሐሴ 24

የጉዲፈቻውን ወረቀት ሞላሁ። ሁሉንም መስመር አነበብኩ፣ ሁለት ጊዜ። ለአዋቂ የወላጅ ፈቃድ አያስፈልግም። ሁለት ምስክር ብቻ። አንዷ ናጊሳ ናት፤ ዘንድሮ በኔ ወረቀት እጇ ዛለ። ሁለተኛ ሰው አጣሁ። ከተማው ሁሉ ወይ ይስቅብኛል፣ ወይ የአባዬን ፊት ይፈራል።

ዕቃ ቤቱን አንኳኳሁ።

ሹንፔይ አነበበው። «ሙራሴ ኪኑዬ» አለ ቀስ ብሎ። «አሁን ወንድምሽም አይደለሁም ማለት ነው።»

«ጸሐፊውን ጠይቄዋለሁ። የድሮው አይሰረዝም ይላል። የሁለት ቤት ልጅ ነው የምሆነው። ስለዚህ ነህ፤ ከናንተ ቤት መገላገል አይቻልም።»

ፈገግ አለ። ማኅተሙን አመጣ፣ እፍ አለበት። ሲያሳርፈው ጠመመበት። «ይቅርታ፣ አበላሸሁት። ሌላ ወረቀት...»

«ተወው፣ ይነበባል» አልኩት። ከዚያ ደግሞ «አባትህን በረዶ ላይ አቁሜያቸው ነበር» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ። «አባቴ ግን ‹ሚስትህ ጋኖቿን ትወዳለች› ነው ያለኝ።»

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ነሐሴ 26

ለአባዬ ነገርኩት። ቁርስ ላይ፣ እሱ እንዳወጀው። የተጠበሰውን ዓሣ አጥንቱን ሲለይ ነበር፤ ለይቶ ጨረሰ።

«የሙራሴ ውሃ ድንጋያማ ነው፣ ያስቸግርሻል» አለኝ። ሌላ ምንም። ሩዙንም ጨረሰ።

አክስቴ ሳዋ በር ድረስ ሸኘችኝ። ስድብ ጠበቅኩ። «እኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ላይ ካንድ ቦታ ጠይቀውኝ ነበር» አለችኝ፣ የሻንጣዬን እጀታ እንደያዘች። «ለእህቴ ቤት ማን ይሆንላታል ብዬ ቀረሁ። ይኸው ምላስ ብቻ ሆኜ ቀረሁ። ሂጂ፣ ዞረሽ አትይ።» ከዚያ ወዲያው «ጫማሽ ቆሽሿል» ብላ ጮኸችብኝ።

መስከረም 23

ሙራሴ ቤት። እጄ ተላጧል። ጋኖቹን ፍቄ፣ በእንፋሎት አጥቤ፣ ከአራቱ በሦስቱ አዲስ ኮምጣጤ ጠነሰስኩ። ውሃው በእርግጥ ድንጋያማ ነው፤ አባዬ ልክ ነበር፣ ያናድዳል። እትዬ ሙራሴ ገዢ ሲመጣ «ልጄ! ልጄ!» እያለች ትጣራለች። ለማስታወቂያ ነው። ገዢ በሌለበትም ትጣራለች።

ጥቅምት 14

የስም በዓል። የግብዣው ካርድ «ለሙራሴ ኪኑዬ» ይላል። ከእንግዶች ተርታ፣ ከነጋዴዎቹ መሃል ተቀመጥኩ። ሹንፔይ ጥቁር የክብር ልብስ ለብሶ ስምንተኛው ሪሄይ ሆነ። ልብሱ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል። ሃትሱሚ አልነበረችም፤ «ገና ነው» ብሏቸዋል አሉ። ምኑ ነው ገና? ደደብ።

ሾርባ ሲጠጣ ድምፁ እኔ ድረስ ተሰማ። ማንም አልሳቀም። እኔም።

ኅዳር 18

አባዬ መጣ።

አላስታወቀም። በጀልባ፣ ብቻውን፣ ሰው ቤት በእንግድነት ሲሄድ የሚለብሰውን ልብስ ለብሶ፣ የተጠቀለለ ስጦታ ይዞ። ከደጅ ቆሞ ጠራ እንጂ አልገባም። እትዬ ሙራሴ ቴሌቪዥኑን ማጥፋት ረስታ እየሮጠች ወጣች። የእንግዳ መቀመጫ ላይ ተቀመጠ። ሻይ አቀረብኩለት። በቀዝቃዛ ቀን ሻዩን ሁለት ጊዜ እፍ እንደሚልበት አውቃለሁ፤ ሁለት ጊዜ እፍ አለበት።

«አዲሱን ኮምጣጤ ለመቅመስ ነው» አለ፣ ለሷ።

አመጣሁለት። ገና ሁለት ወሩ ነው፣ ጥሬ ነው፣ ጊዜ ያስፈልገዋል ልል ነበር፤ አፌን ዘጋሁ። ቀመሰ። ዓይኑን ጨፈነ። እንደገና ቀመሰ። ሦስተኛ ጊዜ ሲቀምስ ጽዋውን የያዘበት እጁን ነው የማየው። አርባ አንድ ዓመት ያን እጅ አይቼዋለሁ፤ የሚወደውን ነገር ሲይዝ አውራ ጣቱ ጽዋውን ይዳብሳል። ይዳብስ ነበር።

ጽዋውን አስቀምጦ ወደ እትዬ ሙራሴ ዞሮ ጎንበስ አለ።

«እንዲህ ያለች ልጅ ከየት አገኙ? ዕድለኛ ነዎት» አላት።

የምትስቅ መስሎኝ ነበር። አልሳቀችም። «ዕድል አይደለም፣ አቶ ታሩይ» አለችው። «ፈልጌ ነው ያገኘኋት።»

ቴሌቪዥኑ ይለፈልፋል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ ለአንድ ቤት ወራሽ እንደሚሰገደው፣ ልክ በዚያው መጠን፣ ሰገደልኝ። እኔም ለሌላ ቤት ሽማግሌ እንደሚገባው መልሼ ሰገድኩ። ስንነሳ ፊት ለፊት ተያየን። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ያረጀ ሰው ዓይን በትንሹ ይቀላል።

ሲወጣ ጫማውን ማሰር አቃተው። ጉልበቱ ነው፣ ግራው። ልንበረከክለት ብዬ ነበር፤ «ተዪው፣ የሰው ቤት ሰው ነሽ» አለኝና ራሱ ታግሎ አሰረው። በጀልባው ሄደ።

እትዬ ሙራሴ «አልቅሺ እንጂ፣ ማን ያይሻል?» አለችኝ።

«ለሱ? እንኳን ላለቅስለት!» አልኳት።

ጋኖቹን ላይ ብዬ ገባሁ። ሦስቱም ላይ ስልባቦቱ ሙሉ ነው፣ ነጭ ነው፣ ተኝቷል። ጨው አይስማማውም፤ ስለዚህ ጓሮ ወጥቼ ነው ያለቀስኩት።